የደሴ ጥፊ

ደሴ ላፕቶፑን በጥፊ አጮለው። ስክሪኑ ቦግ አለ።

ክፍሉ በጭብጨባ ተናጋ። ቤዛዊት ብቻ አፏን ከፍታ ቀረች። ለዚህ የትምህርት ቤቱ ላፕቶፕ ሦስት ቀን ምሳዋን ገብራለች። አንዴ ከተኛ አይነቃም፤ አጥፍቶ ማስነሳት ብቻ ነው። «የእንጅባራ ብርድ ነው» ያሉም ነበሩ።

የአይሲቲ መምህሩ አቶ ስማቸው ግን የጠረጠሩት ከርነሉን፣ ማለትም ዕቃዎቹን ሁሉ የሚያዝዘውን የላፕቶፑን ሲስተም፣ የሊኑክስን እምብርት ነበር። «ሲተኛ ድራይቨሮቹን፣ የየዕቃውን አንቀሳቃሽ ፕሮግራሞች፣ ተራ በተራ ያስተኛል። ሲነቃ አንዱ ከደነዘዘ ሁሉንም ይዞ ይቀራል። አንድ በአንድ እያወጣሽ ሞክሪ» ብለዋታል። እሷም በደብተሯ ጻፈች፤ የድምፁ ድራይቨር ወጥቶ፣ አልነቃም። ካሜራ ወጥቶ፣ አልነቃም። ዛሬ ዋይፋዩን አውጥታ ላፕቶፑን አስተኛችው። ልታነቃው ቁልፉን ስትጫን ነው ደሴ «ዞር በይ!» ብሎ ያጮለው።

እስከ እረፍት ወሬው ግቢውን አዳረሰው። አንዱ ካልኩሌተሩን ለጥፊ ይዞ መጣ። የጂኦግራፊዋ መምህርት ካሳነሽ ሳይቀሩ ፍላሻቸውን አቀበሉት፤ «ቀስ አድርገህ ምታልኝ፣ ፈተና አለበት።»

ከሰዓት በኋላ ደሴ ላብ በላብ ሆኖ መጣ። «ቤዚ፣ ነገ ሰልፍ ላይ አሳይ ተባልኩ። ጉድ ፈላብኝ! ዋይፋዩ ነው በያቸው።»

«ጥፊህ ቢሆንስ?»

«ያምሻል እንዴ?»

«ሁለቱም አንድ ላይ ነው የሆኑት። በምን አውቃለሁ?»

መምህር ስማቸው ቅጽ ይዘው ገቡ። «ለዞኑ የሳይንስ ውድድር ስም ማስገቢያው ዛሬ ያበቃል። ችግሩን ያገኘችው ቤዛዊት፣ ጥፋተኛው ዋይፋይ ብዬ ልጻፍ?»

«አዎ» የሚለው ቃል ምላሷ ላይ ደረሰ። ዋጠችው።

«ቲቸር፣ ትንሽ ይታገሡኝ።»

ዋይፋዩን መለሰችው። ላፕቶፑን አስተኛችውና ቁልፉን ተጫነች። ስክሪኑ እንደጠቆረ ቀረ። ባለመንቃቱ ደስ ሲላት የመጀመሪያዋ ነበር።

«አሁን ምታው» አለችው ደሴን።

አንዴ አጮለው። ደገመው። በሦስተኛው መዳፉን እፍ እፍ ማለት ጀመረ። ላፕቶፑ ንቅንቅ አላለም።

«በቃ፣ ተረጋገጠ!» አሉ መምህሩ፣ እስክሪብቶ አውጥተው።

«ገና ነው፤ ያለ ጥፊ ሲነቃ አላየንም» አለች ቤዛዊት። ላፕቶፑን አጥፍታ አስነሳችው፤ ዋይፋዩን አወጣች፤ ደሴን እስከ በሩ ገፍታ አቆመችውና ተመልሳ ላፕቶፑን ልታስተኛ ክዳኑን ዘጋች።