የዓም ሸውቂ እጅ

ማመን አለማመን የእናንተ ፈንታ ነው። እኔ የምጽፈው በዓይኔ ያየሁትን ብቻ ነው። የሌሎቹን ስም ለውጫለሁ፤ የራሴን ግን አልለወጥኩም።

ራውያ እባላለሁ።

ዕለቱ ዓርብ ነበር። ከቀኑ ሰባት ሰዓት ተኩል። ሰኔ ወር፣ ካይሮ፣ ሹብራ ሰፈር፣ አራተኛ ፎቅ።

ጨለማ የሚባል ነገር የለም። ፀሐይዋ በመስኮት ገብታ ምንጣፉን ታቃጥላለች። ከታች ሰው ከጁምዓ ሶላት ይመለሳል፤ አንዱ ሐብሐብ ሻጭ ይጮኻል።

እኔ አልጋ አጠገብ ቆሜ የአንድ ሽማግሌ እጅ እያየሁ ነው...

ግን ከመጀመሪያው ልጀምር።

የምሠራው ፈጋላ ሰፈር ውስጥ፣ የሠርግ ጥሪ ካርድ በሚያትም ማተሚያ ቤት ነው። ድሮ ደንበኛ መጥቶ፣ ሻይ ጠጥቶ፣ ዋጋ ተከራክሮ ነበር የሚያዘው። ዛሬ ማንም አይመጣም። ሙሽራዋ ቤቷ ተቀምጣ ድረ ገጻችንን ትከፍታለች። ወረቀቱን ትመርጣለች፣ ቀለሙን ትመርጣለች፣ ስሟንና የሙሽራውን ስም ትጽፋለች። ካርዱ እዚያው ስክሪኑ ላይ ተሠርቶ ይታያታል። ወርቃማ ጠርዝ ስትጨምርበት ዋጋው ይወጣል፤ ቀለል ያለ ወረቀት ስትመርጥ ይወርዳል። ደስ ሲላት ትከፍላለች። ትዕዛዙ በቀጥታ ወደ ማሽኑ ይሄዳል።

ያንን ገጽ የማስተዳድረው እኔ ነኝ።

አለቃዬ ኡስታዝ ወጊህ (ኡስታዝ እኛ ጋ «አቶ» እንደማለት ነው) በፕሮግራሙ ይመካል።

«ደንበኛው ራሱ ይሠራል፣ ራሱ ይከፍላል፣ ራሱ ይሳሳታል! ለእኔ ምን ቀረኝ? መተኛት!» ይላል።

ዓም ሸውቂ፣ አጎቴ ሸውቂ እንደማለት ነው፣ የማተሚያ ቤቱ ቁም ጸሐፊ ነበሩ። ዕድሜያቸው ስድሳ ሰባት። ካርዱን ማሽን ቢያትመውም፣ የሙሽሮቹን ስም የሚጽፉት እሳቸው ነበሩ፤ በሸምበቆ ብዕር፣ በእጃቸው። አርባ ዓመት ሙሉ። ከእስክንድርያ ድረስ ለእሳቸው ጽሑፍ ብሎ የሚመጣ ሰው ነበር።

አንድ ቀን ወጊህ ቢሮው ጠርቶኝ በሩን ዘጋ።

«ሲት ራውያ፣ ሰው የሽማግሌውን ጽሑፍ ይወዳል። ሽማግሌው ግን በቀን ምን ያህል ይጽፋል? እጁን ፕሮግራሙ ውስጥ አስገቢልኝ።»

«እሺ የሚሉ ይመስልዎታል?»

«ማን ጠይቂው አለሽ?»

አልጠየቅኋቸውም። ዋሸኋቸው።

«ዓም ሸውቂ፣ ፊደሎችዎን በሙሉ ይጻፉልኝ። ለማስታወሻ እናስቀምጣቸዋለን፤ ከእኛ በኋላ የሚመጣ ሰው እንዲያያቸው።»

ደስ አላቸው። ልብ በሉ... ደስ ነው ያላቸው።

ሦስት ሳምንት ሙሉ ከሥራ በኋላ እየቀሩ ጻፉልኝ። የዐረብኛ ፊደል ቅርጹ እንደ ቦታው ይለያያልና፣ እያንዳንዱን ፊደል፣ ቃል ሲጀምር፣ መሃል ሲገባ፣ ሲጨርስ። «አንቺ ደግሞ ምሳ አትበዪም» እያሉ ትኩስ የባቄላ ጥብስ፣ ጣዕሚያ፣ በዳቦ ያመጡልኝ ነበር። እኔ እየበላሁ የጻፉትን አንድ በአንድ ስካን አደርጋለሁ።

የመጨረሻውን ፊደል ሰጥተውኝ ብዕራቸውን ጠረጉ።

«በይ እንግዲህ ልጄ፣ እጄን ጨርሰሽ ወሰድሽው!» ብለው ሳቁ።

እኔም ሳቅሁ።

በሳምንቱ ወጊህ «ይበቃዎታል፣ ቤትዎ ይረፉ» አላቸው። ብዕሮቻቸውን በጨርቅ ጠቅልለው ወጡ። በሩ ጋ ሲደርሱ ዞር ብለው አዩኝ።  ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር።

ድረ ገጹ ላይ አዲስ ምርጫ ወጣ። «የጌታው እጅ» ይላል፤ የሙያው ጌታ፣ የዓም ሸውቂ እጅ ማለት ነው። እሱን ስትመርጡ ዋጋው ላይ መቶ ሃምሳ ፓውንድ ይጨምራል።

ሰዉ ሁሉ እሱን መረጠ።

መጀመሪያ ያስተዋልኩት ነገር ትንሽ ነበር።

አንድ ፊደል ሁለት ጊዜ አንድ ዓይነት ሆኖ አይወጣም...

ፕሮግራም እኮ ነው። የሰጡትን ነው የሚደግመው። ፕሮግራሙን የሠራልን መሐንዲስ ጋ ደወልኩ።

«ባሽመሃንደስ፣ ፊደሉ እንዲለዋወጥ አድርገኸዋል?»

«እኔ? ያስገባሁት የሰጠሽኝን ነው፤ እሱን ብቻ ነው የሚያወጣው። ይልቅ ዓይንሽን ታከሚ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ ሌላ ነገር አየሁ። ጠዋት የሚገባ ትዕዛዝ ጽሑፉ ቀጥ ያለ ነው። ከሰዓት በኋላ የሚገባው ያዘነብላል። ትዕዛዝ በሚበዛበት ቀን፣ ሐሙስ ማታ አካባቢ...

ይንቀጠቀጣል።

አንዲት ሙሽራ እየጮኸች ደወለች።

«ካርዴ ላይ ምን አንጠባጠባችሁበት?»

«ምን አገኘሽበት እህቴ?»

«ጠብታ! ስሜ ላይ! ቀለሙን አጥቦታል፤ የላብ ጠብታ ነው የሚመስለው!»

ሦስት መቶ ካርድ። ሁሉም ላይ፣ እዚያው ቦታ ላይ፣ ያው ጠብታ ታትሟል።

ማሽን ያልበዋል እንዴ?

ያን ቀን ዓም ሸውቂ ቤት ደወልኩ። ልጃቸው ነጅላ አነሳችው።

«አባባ ከወደቀ ሦስት ወሩ ነው። አልሰማሽም?» አለችኝ።

ዓርብ ሄድኩ።

ነጅላ በሩን በዝግታ ከፈተችልኝ። ዓይኗ ሥር ጠቁሯል።

«ቀስ በይ... ተኝቷል።»

«ትንሽ አረፉ?»

«ተኝቷል አልኩሽ እንጂ አረፈ አላልኩሽም።»

የመኝታ ቤቱን በር ገፋ አደረገችው።

ዓም ሸውቂ በጀርባቸው ተኝተዋል። ዓይናቸው ተከድኗል። አፋቸው ወደ አንድ ጎን ተጣሟል። ሰውነታቸው በሙሉ ጸጥ ብሏል።

ቀኝ እጃቸው ግን...

ይሄዳል።

ሦስት ጣታቸው ገጥሞ፣ አንሶላው ላይ፣ ከቀኝ ወደ ግራ። ጫፍ ሲደርስ ይነሳል። ይመለሳል። እንደገና ይጀምራል።

አንሶላው እዚያ ቦታ ላይ ሳስቶ ተቀዷል።

«ሐኪም ምን አለ?» ሹክ አልኳት።

«ቀኝ ጎኑ በሙሉ ሞቷል አለ።»

«ታዲያ ይሄ?»

«ጡንቻ ነው አለ።» አንሶላውን አስተካከለች። «ጡንቻ ሐሙስ ሐሙስ ይብስበታል እንዴ፣ ራውያ?»

ዓይኔን ከእጃቸው ላይ አላነሳሁም። 

እጁ ቆመ።

ክፍሉ ውስጥ የአየር ማራገቢያው ድምፅ ብቻ ቀረ...

ስልኬ ነዘረኝ። አዲስ ትዕዛዝ። «ሀይዲ እና ሙዕተዝ። አራት መቶ ካርድ። የጌታው እጅ።»

ስልኩን ገና ሳላስቀምጥ፣ እጁ ከአንሶላው ላይ ተነሳ።

የእኚህን ሰው ፊደል አንድ በአንድ የሰበሰብኩ ሰው ነኝ። እንቅስቃሴውን አነብበዋለሁ። መጀመሪያ ሀይዲ። ከዚያ «እና»። ከዚያ ሙዕተዝ...

አጋጣሚ ነው አልኩ። አጋጣሚ እንዲሆን ፈለግሁ።

እንደ ማንኛውም ደንበኛ ድረ ገጹን በስልኬ ከፈትኩ። ካርድ መረጥኩ። የጌታውን እጅ መረጥኩ። መቶ ሃምሳ ፓውንድ ተጨመረ። የስም ቦታው ላይ መጀመሪያ የመጣልኝን ስም ጻፍኩ።

ነጅላ።

እጁ ዝግ አለ። እስካሁን ይቻኮል የነበረው እጅ ረጋ ብሎ፣ እየዳሰሰ ጻፈ። የመጨረሻዋን ፊደል ወደ ግራ ስቦ ስቦ አስረዘማት።

ከተከደነው ዓይናቸው እንባ ወጥቶ ወደ ጆሯቸው ወረደ።

ስልኬን አየሁ። ስክሪኑ ላይ ያለው ካርድም የመጨረሻዋ ፊደል ተስባለች። ልክ እንደዚያው።

ነጅላ ክንዴን ጨበጠችኝ። 

«ስሜን... ስሜን ነው የጻፈው?»

«እንዴት አወቅሽ?»

«ትንሽ ልጅ ሳለሁ ደብተሬ ላይ እንዲህ አድርጎ ነበር የሚጽፍልኝ።»

የአስተዳዳሪውን ገጽ ከፈትኩ። «የጌታው እጅ» የሚለውን ምርጫ ዘጋሁት።

እጁ ወደቀ። ገመዱ እንደተቆረጠ ነገር።

ወዲያው ዓም ሸውቂ በረጅሙ ተነፈሱ... ማንኮራፋት ጀመሩ። ነጅላ መሬት ላይ ተቀመጠች፤ አፏን በሻሿ ይዛ አለቀሰች።

«ምን አደረግሽ? ንገሪኝ፣ ምን አደረግሽ?»

«ምንም... ጸለይኩ» አልኳት።

ቅዳሜ ጠዋት ገና ወንበሬ ላይ ሳልቀመጥ ወጊህ መጣ።

«የጌታው እጅ የት ገባ? ከትናንት ጀምሮ ሰው ገጹን ከፍቶ እያጣው ይወጣል!»

ሁሉንም ነገርኩት። እጁን፣ አንሶላውን፣ እንባውን። ሲጋራውን አብርቶ እስከ መጨረሻው ሰማኝ። ይስቃል ብዬ ነበር። አልሳቀም።

አመነኝ። ከዚህ ሁሉ እስካሁን የሚያስፈራኝ እሱ ነው...

«እሺ፣ እውነት ነው እንበል። ታዲያ ምን ይጠበስ?»

«ኡስታዝ ወጊህ፣ ሰውየው እየተሰቃዩ ነው!»

«ወሩ የሠርግ ወር ነው። ደንበኛው ይሄን ለምዷል። ቤቱ ተኝቶ እየሠራ ከሆነማ ከእኔ በላይ ታድሏል!» ወንበሬን ወደ ኮምፒውተሩ ገፋልኝ። «የዘጋሽው አንቺ ነሽ፤ አንቺው ክፈቺው። ካልሆነ በሩ ያውልሽ።»

ከፈትኩት።

በራሴ ጣት። ሥራዬን እንዳላጣ ፈራሁ። ሌላ ሰበብ አልደረድርላችሁም።

ሲጠብቁ የነበሩ ደንበኞች ወዲያው መግባት ጀመሩ። አንድ ትዕዛዝ... ሁለት... ስድስት... እኔ ዓይኔን ጨፈንኩ።

ዓም ሸውቂ ምርጫውን ከከፈትኩት በኋላ በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሞቱ። ሐሙስ ነበር።

ባሳቲን መቃብር ቀበርናቸው። ሰው ሁሉ «አረፉ» አለ። እኔም አልኩ። እንደዚያ ቀን ከልቤ ብዬ አላውቅም።

እሑድ ሥራ ገብቼ አዲሶቹን ካርዶች አየሁ። ጽሑፉ ቀጥ ብሏል። ጠብታ የለም። መንቀጥቀጥ የለም። ጠዋት የገባውም፣ ከሰዓት የገባውም፣ ማታ የገባውም አንድ ዓይነት።

ወጊህ አንዱን ካርድ አንስቶ ወደ መብራቱ ያዘው።

«አየሽ?» አለኝ። «ተሻለው።»

ምን ለማለት እንደፈለገ ገባኝ። ወደ ኮምፒውተሬ ዞሬ ሥራዬን ቀጠልኩ። እስከ ዛሬም እዚያው ነው የምሠራው።

ከስምንት ወር በኋላ ነጅላ ደወለች። የአባቷ ታናሽ ወንድም ጃብር ሞቷል። ሄድኩ።

የእኛ ሰው መቃብር የቤተሰብ ነው። ከመሬት በታች ያለ ክፍል ነው፤ ሟቹ በከፈኑ ተገንዞ አሸዋው ላይ ይጋደማል፤ ሌላ ሲሞት ድንጋዩ ይነሳና እሱም ከጎኑ ይጋደማል።

እኩለ ቀን ነበር። የመቃብሩ ጠባቂ ሐጅ ዐጥያ ድንጋዩን አስነስቶ፣ መብራት ይዞ ቀድሞ ወረደ።

ወዲያው ተመለሰ። ከንፈሩ ነጥቷል።

«እዚህ ማን ወርዶ ነበር?» አለ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«የግቢው ቁልፍ አንተ ጋ አይደል እንዴ ሐጅ!» አለው አንዱ።

«እኔ ጋ ነው... እኔ ጋ ነው።»

ሴት ወደ መቃብሩ አፍ አትጠጋም። እኔ ግን ሰዉን ገፍቼ ተጠጋሁ። ጎንበስ አልኩ።

ሐጅ ዐጥያ መብራቱን ከታች ትቶታል። አሸዋው ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ተጽፎበታል። መስመር በመስመር፣ ከቀኝ ወደ ግራ፣ አንድ ፊደል ሳይዛነፍ። ሙሽሪትና ሙሽራ። ሙሽሪትና ሙሽራ። ሙሽሪትና ሙሽራ...

ስሞቹን አውቃቸዋለሁ። ሁሉንም በማስተዳድረው ገጽ ላይ አይቻቸዋለሁ።

የመጨረሻው መስመር የዚያን ዕለት ጠዋት የገባው ትዕዛዝ ነበር።

«ራውያ...» ነጅላ ከኋላዬ ሹክ አለችኝ። «ምን አየሽ?»

«ምንም። አሸዋ ነው።»

ሐጅ ዐጥያ «ሬሳ አይጠብቅም» አለና ወረደ፤ ቁርዓን እየቀራ በዘንባባ ቅጠል ሁሉንም ጠረገው። ጃብርን አወረዱት። ንጹሑ አሸዋ ላይ አጋደሙት። ሰዎቹ አንድ በአንድ ወጡ። መጨረሻ ላይ ሐጅ ዐጥያ መብራቱን ይዞ ወጣ። ታች ማንም በሕይወት ያለ ሰው አልቀረም።

ድንጋዩን ሊገፉት ሲሉ ፀሐይ ለአፍታ ወደ ውስጥ ገባች። የጃብር ነጭ፣ አዲስ ከፈን ላይ አረፈች።

ደረቱ ላይ፣ በቀኝ በኩል፣ አንዲት ጥቁር የጽሑፍ መስመር ተጀምራለች።

ቀለሟ ገና አልደረቀም።