ቀዩ ላይ አረንጓዴ

«አትጠጊ፣ ይፈላል!» አለች ርብቃ ልጇን በክንዷ ወደ ኋላ እየገፋች።

ቃልኪዳን ራቅ ብላ ቆመች። ርብቃ የምትነዳት ሚኒባስ ገሳይ ከተማ ሳትደርስ ዳገቱ መሐል ላይ ቀጥ ብላለች፤ ከኮፈኑ ሥር እንፋሎት ይወጣል። የጫነቻቸው ለቀስተኞች ወርደው ባገኙት አይሱዙ ላይ እየተሳፈሩ ነው። ቀብሩ ለማንም ቆሞ አይጠብቅም።

«ርብቃ፣ አንቺስ? የገዛ አክስትሽ ቀብር እኮ ነው!» አሉ ከለቀስተኞቹ መሐል እማማ አልማዝ አይሱዙው ላይ ሆነው።

«መኪናዋን ለማን ጥዬ? ሂዱ፣ አትዘግዩ።»

አይሱዙው ሄደ። እናትና ልጅ ብቻቸውን ቀሩ። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ርብቃ የራዲያተሩን ክዳን በጨርቅ ይዛ ከፈተችው። ውስጡ ያለው የተለመደው ቀይ ኩላንት፣ የሞተር ማቀዝቀዣው፣ አይደለም፤ ውሃም አይደለም። እንደ ተልባ የሚዝለገለግ ቡናማ ነገር ነው።

«አረንጓዴ ኩላንት ቀዩ ላይ ተጨምሮበታል» አለች። «ሲቀላቀሉ ይረጋሉ፣ ራዲያተር ይደፍናሉ ብዬ ስንቴ ልናገር? ይሄ ጥላዬ ጆሮ የለውም!»

ቃልኪዳን ዓይኗን ከራዲያተሩ ላይ አነሳች።

ጥላዬ የእናቷ ረዳት ነው። ጠዋት ለቀስተኞቹን ለመሰብሰብ ሲሯሯጥ «ቃልዬ፣ በማርያም፣ ራዲያተሩን አንቺ ሙይልኝ። ቀዩን» ብሏት ነበር። የቀዩ ጄሪካን ባዶ ሆኖ አገኘችው። የመለዋወጫ ሱቁ ከአስፋልቱ ማዶ ነው። የፈተና ሳምንት ነው፣ እንቅልፍ አልጠገበችም፤ ሰው ሲደክመው ደግሞ አስፋልት ማዶም ጉና ተራራ ጫፍ ይሆናል። የአረንጓዴው ጄሪካን ግን እዚያው አጠገቧ ነበር። «ሁለቱም ኩላንት ነው፣ ምን ያመጣል?» ብላ ገለበጠችው። ማስጠንቀቂያውን ሳትሰማው ቀርታ አይደለም፤ ሰልችቷት ነው። ጥላዬም ወንበሩን ለአንድ ሽማግሌ ለቆ ደብረ ታቦር ቀረ።

ርብቃ ደወለችለት። ስልኳ በስፒከር ካልሆነ አይሰማም።

«ጥላዬ፣ ራዲያተሩን ዛሬ ማን ሞላው?»

ቃልኪዳን ወደ ስልኩ ጠጋ አለች። አሁን ስሜን ይጠራል፣ አለች በልቧ፤ ቢጠራም እውነቱን ነው።

«እኔ ነኝ፣ እትዬ» አለ።

«በል ከነገ ጀምሮ ዓይንህን እንዳላየው!»

«እሺ...» አለ ጥላዬ ቀስ ብሎ። «ቀብሩ ላይስ ደረሱ?»

ርብቃ ስልኩን ዘጋችው። ከዚያ መንገዱ ዳር ያለች ድንጋይ ላይ ተቀመጠች። ለማልቀስም አቅም ያጣች ትመስላለች።

«ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ፣ እውነታቸውን ነው» አለች። «አክስቴ በጀርባዋ አዝላ አሳድጋኝ፣ አፈር እንኳ ሳላለብሳት ልቅር?»

ቃልኪዳን አጠገቧ ተቀመጠች። እናቷ የጋቢዋን ጫፍ አንስታ አለበሰቻት።

«በርዶሻል። ነገም ፈተና አለብሽ። ደግነቱ አንቺ አታሳስቢኝም» አለቻት።

ይህችን ቃል ቃልኪዳን ትወዳታለች። ሌላ ጊዜ ስትሰማት ደስ ይላት ነበር። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ጥላዬ እንደሆነ አይናገርም፤ እሱ ሌላ መኪና ይፈልጋል፣ እሷም የማታሳስብ ልጅ ሆና ትቀጥላለች። ደክሟታል። እናቷ ጭን ላይ ጋደም ብላ መተኛት አማራት። ግን «ቀብሩ ላይስ ደረሱ?» ያለው ድምፅ ከጆሮዋ አልወጣ አለ። ሥራውን ተነጥቆም የጠየቀው ስለ እነሱ ነው።

እጇን ዘርግታ ስልኩን ከእናቷ ጭን ላይ አነሳች።

«ለማን ልትደውዪ ነው?» አለች ርብቃ።

ቃልኪዳን የጥላዬን ቁጥር ነካች። ስልኩ ጠራ፣ ጠራ፣ ተነሳ።

«አቤት እትዬ?»

«ጥላዬ፣ እኔ ነኝ» አለች ቃልኪዳን፣ ዓይኗን ከእናቷ ፊት ሳትነቅል። «እማዬ እየሰማችን ነው። ማን እንደሞላው ልነግራት ነው።»