ሩዋይዳ አቤት ያለችው ለማን ነው?

አላምንም የሚል ካለ መብቱ ነው... እኔ ግን ሴትዮዋን አውቃታለሁ። ፈይሩዛ የአክስቴ ልጅ ናት። አንድም ቃል አልጨመርኩም።

ሌሊት የሆነ ነገር እንዳይመስላችሁ። ሰዓቱ ከቀኑ ስምንት ተኩል ነው። ቦታው አሰላ። ወሩ ሐምሌ፣ ከጭላሎ የሚወርደው ጉም ከተማውን ውጦ መኪና ሁሉ በቀን መብራት አብርቶ የሚሄድበት ጊዜ።

እኔ በየጥጋጥጉ ጅን የሚታየኝ ሰው አይደለሁም። እንዲያውም በሚታያቸው ሰዎች ላይ የማሾፍ አመል አለብኝ። ፈይሩዛ ይህን ስትነግረኝ ግን አላሾፍኩም።

ፈይሩዛ መናኸሪያው አጠገብ ክርና የልብስ ቁልፍ የምትሸጥበት ትንሽ ሱቅ አላት። ባሏ ሰኢድ ከአቦምሳ እህል የሚያመላልስ ሹፌር ነው፤ ሳምንቱን ሙሉ መንገድ ላይ ነው። አንድ ልጅ አለቻቸው። ሩዋይዳ፣ የሰባት ዓመት።

ሩዋይዳ ኦቲዝም አለባት። አትናገርም። ስሟ ሲጠራ ዞር አትልም። ሱቁ ጥግ ቁጭ ብላ ቁልፎቹን በየቀለማቸው ስትደረድር ትውላለች፤ አንድም ቀን ተሳስታ አታውቅም።

ፈይሩዛ ከዚህ ዓለም የምትፈልገው አንድ ነገር ነበር። ልጇ አንድ ቀን «ሀርሜ» ብላ እንድትጠራት። እኛ ዘንድ እናት በኦሮምኛ የምትጠራው እንዲህ ነው።

«አንዴ ብቻ ትበለኝ» ትል ነበር። «ከዚያ በኋላ ዕድሜ ልኳን ዝም ብትል አልቀየማትም።»

እዚህ ላይ ስለ አማቷ መናገር አለብኝ። አዴ ዘሀራ፣ አላህ ይዘንላቸውና፣ አንድ የማይሻር ሕግ ነበራቸው። ከውጪ ስምህ ሲጠራ፣ የጠራህን ሰው በዓይንህ ሳታይ አቤት አይባልም። ላልታየ ድምፅ አቤት ማለት ለጅን በር መክፈት ነው ይሉ ነበር። አፉን ሊከፍት ያለ ልጅ ካዩ ሮጠው መጥተው መዳፋቸውን አፉ ላይ ይጭናሉ። ጎረቤታችን ስለነበሩ እኔም በልጅነቴ ቀምሻታለሁ፤ መዳፋቸው ሰፌድ ያክል ነበር።

ከሞቱ ሦስት ዓመት ሆኗቸዋል። ሩዋይዳ ያኔ አራት ዓመቷ ነበር። መሞታቸውን ቀርቶ መኖራቸውንም ያወቀች አይመስለንም ነበር።

ባለፈው ግንቦት ሩዋይዳ የምትሄድበት ማዕከል ሮቦት መጣለት። ነጭ ናት፣ ቁመቷ ጉልበት ድረስ፣ ዓይኗ ክብ። ልጆቹ ሚሚ አሏት። ባለሙያዋ ሲስተር እታገኘሁ በታብሌት ታዛታለች።

የሚሚ ሥራ ቀላል ነው። የልጁን ስም ትጠራለች። ልጁ አቤት ካለ ዓይኗ አረንጓዴ ይበራል፣ ቀኝ እጇን ወደ ላይ ታነሳለች፣ «ጎበዝ!» ትላለች። በቃ።

ሰኞ፣ ረቡዕ፣ ዓርብ። ስምንት ሰዓት ተኩል። ወላጅ ከበሩ ውጪ ኮሪደር ላይ ይጠብቃል።

ለሦስት ሳምንት ሩዋይዳ ዞራም አላየቻት።

«በእናቷ ድምፅ ብትጠራት ይሻላል» አለች ሲስተር እታገኘሁ። «ቤት ውስጥ እንደምትጠሪያት አድርገሽ ቅጂልኝ።»

ፈይሩዛ በስልኳ ቀዳች። «ሩዋይዳ!» አለች በሳቅ። «ሩዋይዳ!» አለች በልመና። «ሩዋይዳ!» አለች በቁጣ። መሀል ላይ አዴ ዘሀራ ትዝ አሏት... ነፍስ የሌለው ነገር ልጄን በድምፄ ሊጠራት ነው ብላ አሰበች። ግን ልጄ ስሟን ትወቅልኝ እንጂ ብላ ላከችው።

በሳምንቱ ኮሪደሩ ላይ ተቀምጣ የራሷን ድምፅ ከበሩ ጀርባ ሰማች።

«ሩዋይዳ!»

ጆሮዋን ወደ በሩ አስጠጋች።

«አቤት።»

ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ ድምፅ። በሰባት ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ። ፈይሩዛ ሰው እንዳይሰማት አፏን በሻርፗ አፍና አለቀሰች።

ቤት እንደገቡ ራሷ ጠራቻት።

«ሩዋይዳ! ሩዋይዳዬ!»

ምንም። ልጅቷ ቁልፎቿን ትደረድራለች።

«ቀስ በቀስ ነው» አለቻት ሲስተር። «መጀመሪያ ለሚሚ፣ ከዚያ ለሰው።»

ፈይሩዛ በገዛ ድምፅዋ ቀናች። ነውር ነው ብላ ሳትደብቅ ነው የነገረችኝ።

ከዚያ አንድ እሑድ... ልክ ስምንት ሰዓት ተኩል ላይ፣ ቤት ውስጥ፣ ሩዋይዳ ቁልፍ መደርደሯን አቆመች። ፊቷን ወደ መስኮቱ አዞረች።

«አቤት» አለች።

ማንም አልጠራትም። ፈይሩዛ መስኮቱን ከፍታ አየች። ጉም ብቻ ነው።

ማክሰኞም በዚያው ሰዓት አቤት አለች። ያን ቀን ቁልፎቹ ቀለም በቀለም አልተደረደሩም። ነጭ ነጩ ብቻ ተለቅሞ፣ ከምንጣፉ ተነስቶ መስኮቱ ሥር ድረስ ባንድ መስመር ተሰልፏል።

ሐሙስ ፈይሩዛ ሱቋን ዘግታ ማዕከሉ ሄደች።

«ሲስተር፣ ሚሚን ለጥቂት ቀን ብናቆማትስ? ልጄ ማንም ሳይጠራት አቤት ማለት ጀምራለች።»

«ሚሚማ የለችም እኮ። ተበላሽታ ቅዳሜ ካርቶን ውስጥ አሽገን አዲስ አበባ ላክናት። አልነገሩሽም?»

«ኧረ ትናንት ሠርታለች! እዚሁ ኮሪደሩ ላይ ሆኜ ሰምቻለሁ። በድምፄ ጠራቻት፣ ሩዋይዳም አቤት አለች።»

የሲስተር እታገኘሁ ፊት ተለወጠ።

«ትናንት በሥዕል ካርድ ነው ያሠራኋት...» ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «መጠራቷንስ እኔም ሰምቻለሁ። ከኮሪደሩ። አንቺ የጠራሻት መስሎኝ ነበር።»

ሁለቱም በሩን አዩት። ትናንት አንዷ በዚህ በኩል፣ ሌላዋ በዚያ በኩል ነበሩ። መሀላቸው ያለው አንድ የእንጨት በር ብቻ ነው።

ዓርብ ፈይሩዛ ከቤት አልወጣችም።

ሰኢድ ጋ ደወለች፤ ኔትወርክ የለም። ሰባት ሰዓት ላይ መብራት ሄደ። ጉሙ መስኮቱ ላይ ተለጠፈ። በሩን ቀረቀረች፣ ሩዋይዳን ጭኗ ላይ አስቀምጣ አቀፈቻት። ልጅቷ መታቀፍ አትወድም። ያን ቀን ግን አልታገለችም...

ስምንት ሰዓት ተኩል።

«ሩዋይዳ!»

ከውጪ ነው። የፈይሩዛ ድምፅ። በሳቅ የቀዳችው።

የልጅቷ ደረት አየር ሲስብ ተሰማት። ፈይሩዛ ሳታስበው መዳፏን በልጇ አፍ ላይ ጫነች፣ ልክ እንደ አማቷ።

«ሩዋይዳ!» በልመና የቀዳችው። ቀረብ ብሏል።

«ሩዋይዳ!» በቁጣ የቀዳችው። መስኮቱ ሥር ነው።

ከዚያ ዝም አለ።

አንድ ደቂቃ... ሁለት ደቂቃ... ሄደ፣ አለች በልቧ። አልሐምዱሊላህ፣ ልጄን አተረፍኳት።

«ሀርሜ!»

ቀጭን፣ ትንሽ የሻከረ። የሩዋይዳ ድምፅ ነው። ውጪ ተረስቶ ብርድ የመታው ልጅ የሚጣራ ይመስላል።

የሩዋይዳ ከንፈር ግን በእናቷ መዳፍ ሥር ነው። አልተንቀሳቀሰም።

ፈይሩዛ ይህን ታውቃለች። ልጇ ጭኗ ላይ እንዳለች ታውቃለች። ግን ሰባት ዓመት ሙሉ የጠበቀችው ቃል ነው። እስቲ እናንተ ፍረዱ።

«አቤት ልጄ!»

ካፏ አመለጣት።

ወዲያው ትንሽ እጅ ፊቷ ላይ አረፈ። ሩዋይዳ ናት። በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እናቷን ዓይን ዓይኗን እያየች፣ መዳፏን እናቷ አፍ ላይ ጫነች። አጥብቃ። አያቷ እንደሚያደርጉት። አልሰማችም ያልናት ልጅ ለካ ሁሉንም ሰምታ ኖራለች። ለሀርሜዋም ፈርታላታለች።

ግን ዘገየች።

መስታወቱ ጀርባ፣ ጉሙ ውስጥ፣ አረንጓዴ ብርሃን ቦግ አለ።

«ጎበዝ!» አለ የፈይሩዛ ድምፅ። ያን ቃል ቀድታ አታውቅም።

የዚያ ቤት መስኮት ከሰው ቁመት ከፍ ይላል። እኔ ራሴ በእግር ጣቴ ቆሜ ነው የምደርስበት።

ነጭ ትንሽ እጅ ከመስኮቱ ግርጌ ብቅ አለ... ቀስ ብሎም እስከ መስታወቱ ጫፍ ድረስ ወደ ላይ ተነሳ።