ጉንፋን ናት፣ ታልፋለች

በአንድ ሆስፒታል የወንዶች ሕሙማን መኝታ ክፍል የምትሠራውን ነርስ ባልደረቦቿ «ብረቷ» ይሏታል። በአሥራ ሰባት ዓመት አንድ ቀን እንኳ ታምሜአለሁ ብላ ከሥራ ቀርታ አታውቅም። በየዓመቱ የኢንፍሉዌንዛ ክትባት ሲመጣም «በሽታውን ስተነፍሰው አይደል እንዴ የምውለው? ለምዶኛል» እያለች ታልፈዋለች።

በዚያ ሰሞን ሦስት ነርሶች ታመው ቀሩ። እሷም ሰኞ ጠዋት አጥንቷን እየቆረጠማት ገባች።

«እህቴ፣ ትኩሳት አለሽ። ቤትሽ ግቢ» አለቻት የክፍሉ ኃላፊ።

«ጉንፋን ናት፣ ታልፋለች። እኔ ብቀር ሃያ ስምንት አልጋ ማን ሊያይ ነው?»

«ብታስይዢያቸውስ?»

«ማስክ አድርጌያለሁ እኮ።»

ኃላፊዋም ደክሟታል፤ የምትተካው ሰውም የላትም። እንድትሠራ ተወቻት። መተው አልነበረባትም።

ስድስተኛው አልጋ ላይ ልባቸውን ታመው የገቡ አባባ ነበሩ። ተሽሏቸው ሐሙስ ሊወጡ ነው። ጆሯቸው ስለማይሰማ የሚግባቡት የሰው ከንፈር እያዩ ነው። ነርሷ ያንኑ ሰኞ የመድኃኒታቸውን አወሳሰድ ልታስረዳቸው ስትጀምር፣ «ልጄ፣ አፍሽን ሸፍነሽ ምኑን ልስማሽ?» አሏት።

እውነታቸውን ነው። ማስኳን አገጯ ሥር አወረደችና ጎንበስ ብላ አንድ በአንድ አስረዳቻቸው። ያደረገችው በደግነት ነው። ወረቀት ላይ ጽፋ ማሳየት ትችል ነበር፤ የደከመ ሰው ግን ይህ አይታየውም።

ሐሙስ አባባ አልወጡም። በትኩሳት ነደዱ፣ ትንፋሽም አጠራቸው። ምርመራው ኢንፍሉዌንዛ መሆኑን አሳየ። ልባቸው አልቻለውም፤ እሑድ አረፉ።

ወገኖቼ፣ ታሞ ሥራ መግባት ጉብዝና የሚመስለን ብዙዎች ነን። እኛን ሦስት ቀን አስተኝቶ የሚተወን በሽታ አልጋ ላይ ያለውን ሰው ላይተወው ይችላል። ነጭ ጋዋን ደግሞ በሽታ አይከለክልም።

የአባባ ሴት ልጅ ዕቃቸውን ልትወስድ መጥታ ነርሷን አቀፈቻት።

«አባዬ ስላንቺ አውርቶ አይጠግብም ነበር። ፊቷን ገልጣ የምታናግረኝ እሷ ብቻ ናት ይለኝ ነበር።»

ነርሷ ዝም ብትል ማንም አያውቅባትም።

«እኔ ሳልሆን አልቀርም ያስያዝኳቸው» አለች ቀና ብላ ሳታያት። «እያመመኝ ነው የገባሁት።»

ልጅቷ እጇን ከትከሻዋ ላይ ቀስ ብላ አነሳች። ፌስታሉን ይዛ በሩ ጋ ከደረሰች በኋላ ዞር አለች።

«ለኔ የነገርሽኝን ለጓደኞችሽም ንገሪያቸው» አለቻት።

በማግስቱ ጠዋት ተረኞቹ ሲረካከቡ ነርሷ ተነሥታ ነገረቻቸው። ከዚያ እጅጌዋን ሰብስባ ክትባቱን ለመወጋት ሄደች፤ ሌሎቹም አንድ በአንድ ተከተሏት።