የተገለበጠው እጅጌ

«ፀሐይ ላይ አውጥታችሁ እዩልኝ» አለች ባለ ከፈይዋ፤ ቀሚሱን በሁለት እጇ ተሸክማ የሱቁን ደፍ ተሻገረች። የሰፊዋ የእህት ልጅ ቀጮ በእጇ የነበረውን ካውያ አቁማ ተከተለቻት። እግሯ መሄድ አልፈለገም፤ ግን መቅረትም ራሱ ይናገራል።

ውጪ ቀሚሱ ሌላ ሆነ። ውስጥ፣ በዚያች አንድ አምፖል ሥር፣ ጥቁር የተባለ ሁሉ እኩል ጥቁር ነበር። ብርሃን ላይ ግን አካሉና ግራ እጅጌው ከሰል መስለው፣ ቀኝ እጅጌው ብቻ አመድ የተነፋበት ሆነ። የሌላ ሰው ክንድ የተቀጠለበት ይመስል ነበር።

ከፈይ ፀጉር አለው። እንደ ድመት ጀርባ ነው፤ ወደ አንድ በኩል ሲደባብሱት ይተኛል፣ ወደ ሌላው ይቆማል። እያንዳንዱ ቁራጭ ፀጉሩ ወደ አንድ አቅጣጫ ካልወረደ፣ ጨለማ ውስጥ ያማረ ልብስ ብርሃን ሲያይ ባለቤቱን ያዋርዳል። ይህን የማታውቅ ሰፊ ጆንያ ትስፋ። ቀኙ እጅጌ ተገልብጦ ተቆርጧል።

«የእናቴ ካባ ነበር» አለች ባለ ከፈይዋ። አልጮኸችም። ጮሃ ቢሆን ይሻል ነበር። «ቀብሬያት ስመለስ የቀረኝ እሱ ነው። አሁን ከየት አምጥቼ ልቀጥልበት?»

የቀጮ አክስት እጅጌውን አፍንጫዋ ድረስ አስጠግታ አየችው። ዓይኗን ሞራ ከጋረደው ወዲህ የምታየው እንደዚያ ነው። ስም ያላት ሰፊ ነች፤ እሷ ሱቅ ውስጥ «ከፈይ ከእኔ በቀር ማንም አይቆርጥም» የሚለው ቃል ከአሥርቱ ትእዛዛት ቀጥሎ የተጻፈ አሥራ አንደኛ ነበር። የዚህን ቀሚስ አካልና ግራ እጅጌ ቆርጣ፣ ጨርቁ ስላጠራት «ቀኙን አስቤበት» ብላ አስቀምጣ ወደ ዓይን ሐኪም ሄደች። ዓይኗን በፋሻ ጠቅልለው እቤት አስተኟት። ፋሻው ተፈትቶ ወደ ሱቅ የተመለሰችው ገና ዛሬ ጠዋት ነው።

አክስቷ ወደ ሐኪም በሄደችበት ቀን፣ የልብስ ጠርዝ የምትሰፋው ቅጥረኛ፣ ዘምዛሚዋ፣ ለምሳ ወጥታ ሳለ ቀጮ ብቻዋን ቀረች። ጨርቁን አየችው። ቁራጩ ቁልቁል ሲይዙት ያጥራል፤ ሲገለብጡት ግን ልክክ ይላል። ይህን የመሰለ ቀላል ነገር ምን ያሳስባል አለችና የአክስቷን ትልቅ መቀስ አንስታ ቆረጠችው። እንዴት ደስ አላት! ዘምዛሚዋ ስትመለስ ሁሉም ተቆርጦ ስላገኘች እትዬ ከመሄዷ በፊት የጨረሰችው መስሏት ገጥማ ሰፋችው። የሱቁ ልጅ ስትሆኚ ትዕቢት ከመቀስ ቀድሞ ይቆርጣል።

«ቁልፉ ያለው አንቺ ጋ ነው» አለች አሁን አክስቷ ወደ ዘምዛሚዋ ዞራ።

«እኔ ተቆርጦ ነው ያገኘሁት፣ እትዬ።»

«ማን ቆረጠው ታዲያ? መልአክ ወርዶ?» ወደ ቀጮ ዞረች። «አንቺ፣ ስትቆርጥ አይተሻታል?»

«አላየሁም» አለች ቀጮ።

ቃሉ በልክ የተቆረጠ ነበር። እውነት ነው፣ ማንም ሲቆርጥ አላየችም። የገዛ እጇን ግን አይታለች።

አክስቷ በባለ ከፈይዋ ፊት ዘምዛሚዋን አዋርዳ «ሁለተኛ ሱቄ እንዳትመጪ» አለቻት። ዘምዛሚዋ ቀጮን አንድ ጊዜ አየቻት። ከዚያ ሽርጧን ፈታች፣ አራት ላይ አጠፈችው፣ ገብታ ወንበሯ ላይ አስቀመጠችውና ወጣች። አባት የሌለው ልጅ እያሳደገች ነው። ይህንንም ቀጮ ታውቃለች።

ዝናቡ የጀመረው በዚያ ሰሞን ነው። የሱቁ ቆርቆሮ ቀኑን ሙሉ ይንጫጫል፤ የዘምዛሚዋ የስፌት መኪና ልብሱን ለብሶ ጥግ ላይ ተቀምጧል። አክስቷም አንድ ቀን ያን ሰው የማይነካውን መቀስ አንስታ «እንቺ» አለቻት።

«ምን ላድርገው?»

«ቁረጪበት እንጂ ምን ታደርጊዋለሽ? ዓይኔ ከእንግዲህ የታመነ አይደለም፣ ሐኪሙ ቁርጡን ነግሮኛል። ከፈይም ይሁን ሐር አንቺ ትቆርጫለሽ፣ እኔ አጠገብሽ ቆሜ እናገራለሁ። ከልጅነትሽ የምትመኚው አልነበር?»

ነበር። ሌሎች ልጆች ሐኪምና አብራሪ ሲሉ፣ እሷ «ቆራጭ» ትል ነበር፤ መምህሩ የበግ ቆራጭ መስሎት ክፍሉ እስኪፈርስ የሳቀበት ቀን አለ። መቀሱን ተቀበለች። ብረቱ ቀዝቃዛ ነበር። ቢሞቅም እንኳ የምትጥለው ይመስላታል።

ነገሩን የነገረቻት አንዲት ሰው ብትኖር ሳቂታ ነች፤ አንድ ወንበር ላይ የሚቀመጡ የክፍል ጓደኛሞች ናቸው። በዕረፍት ሰዓት ደረጃው ሥር ተሸጉጠው ነገረቻት።

«እና? ተባረረች አይደል? አለቀ በቃ» አለች ሳቂታ።

«በእኔ ጥፋት እኮ ነው።»

«አታካብጂ ባክሽ። አልዋሸሽም። አላየሁም ነው ያልሽው። ፏ ያለ መልስ።»

«ሌሊት አይተኛበትም ፏ ያለ መልስ።»

«ታዲያ ሄደሽ ተናገሪና መቀሱን ተቀሚ፣ ጀግና። እትዬሽ የምታቅፍሽ መስሎሻል? በዚያው መቀስ ጆሮሽን ነው የምትቆርጠው፤ እሱንም አዛብታ።»

ቀጮ ሳቀች። ገደል አፋፍ ላይ ቆሞ «ግቢ፣ መንገዱ ደህና ነው» የሚል ጓደኛ ሞልቷል። ክፋት ይዟቸው አይደለም፤ የሚወድቁት እነሱ ስላልሆኑ ነው።

እሑድ ቤተ ክርስቲያን ከአክስቷ ጎን ቆመች። ሕዝቡ አባታችን ሆይ ሲል አብራ አለች፤ ከንፈሯ መንገዱን ያውቀዋል። «ወደ ፈተና አታግባን» ላይ ሲደረስ አፏ ተያዘ። ምን ብላ ትለምን? ገብታ ከተቀመጠች፣ እግሯን ከዘረጋች ሰነበተች። አክስቷ በክርኗ ጎሸም አደረገቻት፤ ልጅቱ ያንቀላፋች መስሏት ነው።

ሰው ሲበተን ቀጮ ወደ ኋላ ቀረች። ቄሱ በታመመ ጉልበታቸው እያነከሱ ወንበር ይደራርባሉ።

«አባ፣ ኃጢአት አለብኝ።»

«የሌለበት ካወቅሽ ጠቁሚኝ፣ አብረን ሄደን እንሳለመዋለን» አሉ ቀና ሳይሉ። ዞረው አዩዋትና ከደረደሩት ሁለት ወንበር አወረዱ።

ነገረቻቸው። ስለ ከፈዩ፣ ስለ ሞተችዋ እናት ካባ፣ ስለ «አላየሁም»። ስለ መቀሱ ግን ስትናገር አለቀሰች፤ የሚያስለቅሳት እሱ እንደሚሆን አላወቀችም ነበር።

«ለእግዚአብሔር ነግረሻል?»

«በየቀኑ። ይቅር በለኝ እለዋለሁ። ይቅር ያለኝ ግን አይመስለኝም።»

«እሱ ይቅር ለማለት አያንገራግርም። ልጁን የሰጠ አምላክ በአንድ እጅጌ አይጨቃጨቅም።»

«ታዲያ ለምን አይቀለኝም?»

ቄሱ ጉልበታቸውን አሹ። «ከጌታ ጎን የተሰቀለውን ወንበዴ ታውቂዋለሽ። በዚያችው ሰዓት ገነት ትገባለህ ተባለ። የቀማውን ለመመለስ ግን አልወረደም፤ እግሩ በሚስማር ተይዟል።» ጎንበስ ብለው ጫማዋን አዩ። «ያንቺስ?»

ሌላ አልጨመሩም። ጸለዩላትና ወደ ወንበራቸው ተመለሱ።

በማግስቱ ከትምህርት ቤት ስትመለስ ጠረጴዛው ላይ አዲስ ጨርቅ ተዘርግቶ፣ በጠመኔ ተሰምሮ ጠበቃት። አክስቷ በመዳፏ እየደባበሰች መስመሩን አሳየቻትና «ከዚህ ጀምሪ» አለች።

ቀጮ መቀሱን ከፈተችው። መልሳ ገጠመችው።

«እትዬ፣ ያንን እጅጌ የቆረጥኩት እኔ ነኝ።»

ቆርቆሮው ይንጫጫል። አክስቷ መዳፏን ከጨርቁ ላይ አላነሳችም።

«ጠርጥሬ ነበር» አለች በመጨረሻ።

«ጠርጥረሽ?»

«አላየሁም ስትይ ድምፅሽ ተንቀጠቀጠ። ዓይኔ ነው እንጂ ጆሮዬ መቼ ታመመ።»

«ታዲያ ለምን አባረርሻት?»

ሰው ፊት ተቆጥታ፣ አዋርዳ፣ በኋላ «ተሳስቻለሁ» ማለት ለአክስቷ ጥርስ ከመንቀል ይብሳል። ካፈርኩ አይመልሰኝ የሚባለው በሽታ ሐኪም የለውም። «አንቺ የእህቴ ልጅ ነሽ» አለች ድምፅዋን አለስልሳ። «ልጅ ነሽ፣ አጠፋሽ፣ ይቅር ብዬሻለሁ። በቃ። ሴትዮዋ ሌላ ሥራ አታጣም። ነገሩ ከዚህ ደጃፍ አይውጣ። የሰፊ ስሟ ከጠፋ ምን ቀራት? የምንበላው በዚህ ስም ነው።»

ይቅር ብዬሻለሁ። ስትናፍቀው የሰነበተችው ቃል ይኸው በእጇ ገባ፤ ያውም ሳይለፉበት። ቀጮ ለትንሽ ጊዜ ያዘችው። ሞቅ ያለ ነበር። አሁን ጎንበስ ብሎ መቁረጥ ብቻ ነው፤ ነገ ትምህርት፣ ከነገ ወዲያ ሐር፣ ስታድግ ሱቁ። ጥጉ ላይ ያለው መኪናም አንድ ቀን ይረሳል።

«የበደልኩት አንቺን ብቻ ቢሆን ኖሮ» አለች፤ ድምፅዋ አሁንም ተንቀጠቀጠ፣ «እዚሁ ያልቅ ነበር።»

«የት ልትሄጂ ነው?»

«እሷ ጋ።»

«ከሄድሽ መቀሱን አስቀምጠሽ ሂጂ።» አክስቷ ይህን ያለችው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራ ነው።

ቀጮ መቀሱን ጨርቁ ላይ አላስቀመጠችውም፤ ክር እንዳይስብ ከጨርቁ ዳር፣ እንጨቱ ላይ አኖረችው። ወጣች።

ዘምዛሚዋን ጠያይቃ ያገኘቻት ከሆስፒታሉ ጀርባ፣ አንሶላ ማጠቢያው ውስጥ ነው። እንፋሎቱ ሰው ከሰው አያስለይም። ያች ጠርዝ በዓይን የማይታይ አድርጋ የምትዘመዝም ሴት፣ እጇ አብጦና ቀልቶ፣ በዱላ ገንዳ ታማስላለች።

«እታለም።»

ዘምዛሚዋ ቀና አለች፤ ማማሰሏን ግን አልተወችም። «መጣሽ?»

«እኔ ነኝ የቆረጥኩት።»

«አውቃለሁ። እኔ አልቆረጥኩ፣ እትዬሽም አለመቁረጧን ያን ዕለት ሰማሁ። ከአንቺ ሌላ ሱቁ ውስጥ የምትቀር ድመቷ ነች፤ እሷ ደግሞ ከፈይ አትወድም።»

«ለምን አልተናገርሽም ታዲያ?»

«የእህት ልጅና ቅጥረኛ ሚዛን ላይ ሲወጡ ማን እንደሚከብድ ጠፍቶኝ ነው?» ዱላውን ገንዳው ላይ አጋደመችው። «አንቺ ትናገሪያለሽ ብዬ ደግሞ ጠበቅሁ። ደጁ ጋ ደርሼ እንኳ ዘግየት ብዬ ነው የወጣሁት።»

ይህን ቀጮ አላወቀችም ነበር። አንገቷን ደፋች። «ይቅር በይኝ» አለች፤ በመንገድ ላይ ያዘጋጀችው ረጅም ነገር ሁሉ ጠፍቷት።

ዘምዛሚዋ እጇን በቀሚሷ አደረቀች። «አልዋሽሽም፤ መጀመሪያ ሰሞን ክፉሽን ተመኝቻለሁ። ማታ ልጄን አስተኝቼ አባታችን ሆይ ስል፣ 'የበደሉንን' ጋ ስደርስ ፊትሽ ድቅን ይላል። አንዳንድ ቀን ጥርሴን ነክሼ እለዋለሁ። አንዳንድ ቀን ዘልዬው አልፋለሁ፤ እግዜር ይታዘበኝ። ትናንት ግን ሳልዘል፣ ሳልነክስ አልኩት። ስለዚህ ዘግይተሻል። ለሱ አስቀድሜ ነግሬዋለሁ።»

ቀጮ ማልቀስ አማራት፤ ግን እዚህ ማልቀስ የሚገባት እሷ አልመሰላትም።

«ወደ ስፌት አትመለሺም?»

«ማን ሊያሠራኝ? ሁለት ሱቅ ጠይቄያለሁ። ባለ ከፈይዋ በየደረሰችበት 'የእናቴን ካባ ያበላሸችው' እያለች ትጠቁመኛለች። አልፈርድባትም። እኔም እሷን ብሆን እጠቁም ነበር።» ዱላውን መልሳ አነሳች። «ሂጂ አሁን፤ ዝናቡ ሳይበረታ ቤትሽ ግቢ።»

ምንም አልጠየቀቻትም። አንድ ነገር ብትጠይቃት ይቀል ነበር።

ዝናቡ በርትቷል። መስቀለኛ መንገዱ ላይ ቀጮ ቆመች። በቀኝ በኩል ያለው መንገድ ወደ ሱቁ ይወስዳል፤ አክስቷ ጨለማ ሳይዛት የሚሸኛት ሰው ትፈልጋለች፣ ለዚህም መድረስ አለባት። ግን ገና ትንሽ ብርሃን ነበር። ወደ ግራ ታጠፈች።

የባለ ከፈይዋ በር ብረት ነው። አንኳኳች። ውስጥ የወንበር ድምፅ ተሰማ፣ ከዚያም ኮቴ።

«ማነው?»

በሩ እስኪከፈት ከጠበቀች አፏ እንደሚከዳት አወቀች። ስለዚህ ለተዘጋው ብረት ነገረችው።

«የሰፊዋ የእህት ልጅ ነኝ። እጅጌውን የቆረጠችው ዘምዛሚዋ አይደለችም። እኔ ነኝ።»

ኮቴው ባለበት ቆመ። ውሃው ከጣሪያው እየተንዶለዶለ አንገቷ ውስጥ ይገባል።

ቀጮ አልሄደችም።