የአባቷ የጥያቄ ደብተር

«እንዳትንቀሳቀስ፣ ጉሮሮህ ጋ ደርሻለሁ» አለ ፀጉር አስተካካዩ አባቷ ምላጩን እንደያዘ። «አሁን ቀስ ብለህ ንገረኝ፤ ለዩኒቨርሲቲ መዘጋጀት የጀመርከው ስንተኛ ክፍል ሆነህ ነው?»

ወጣቱ መሐንዲስ ግማሽ ጉንጩ አረፋ እንደለበሰ ከመመለስ ሌላ ምርጫ አልነበረውም። የፀጉር ቤቱን ወለል የምትጠርገው የአሥረኛ ክፍል ተማሪ ልጁ በበኩሏ መሬት ተሰንጥቆ ቢውጣት በወደደች።

አባቷ ራሱ ከስምንተኛ ክፍል አላለፈም። የእሷ መግቢያ ፈተና ሁለት ዓመት ቢቀረውም፣ ዩኒቨርሲቲ የረገጠ ደንበኛ ሁሉ ሳይጠየቅ ከወንበሩ አይነሣም። መልሱ ደብተር ላይ ይሰፍራል፤ ነፃ የትምህርት ዕድል መቼ እንደሚወጣ፣ የትኛው መጽሐፍ እንደሚጠቅም፣ ማመልከቻ ላይ ምን እንደማይባል። ጓደኞቿ «ፋዘርሽ አይቻልም» እያሉ ይስቃሉ። ከክፍሏ ልጆች ግን ይህን ሁሉ የምታውቀው እሷ ብቻ ናት። አፍ አውጥታ ባትነግረውም በሆዷ ስታመሰግነው ትውላለች።

ችግሩ የደብተሩ ሽፋን ላይ «ኢንጂነሪንግ» ተብሎ በትልቁ መጻፉ ነው። ለአሥራ አንደኛ ክፍል ከተፈጥሮና ከማኅበራዊ ሳይንስ አንዱ የሚመረጥበት ቅጽ ነገ ለትምህርት ቤቱ ይመለሳል፤ እሷ የምትፈልገው ደግሞ ሕግ ነው።

«እሷስ ምን መሆን ትፈልጋለች ጋሼ?» አለ መሐንዲሱ።

አባቷ ምላጩን አስቀምጦ ወደ እሷ ዞረ።

«ያልጠየቅኩት ሰው የለም» አለ። «አንቺን ግን እኮ አንድ ቀን ጠይቄሽ አላውቅም።»

«አንተ እንዳልክ» ብላ ማለፍ ትችል ነበር፤ ቃሉ ምላሷ ጫፍ ላይ ደርሶ ነበር። ለእሷ ሲል ይህን ያህል ሰው ደጅ የጠናን አባት መዋሸት ግን ከበዳት።

«ሕግ ነው የምፈልገው አባዬ።»

አባቷ የደብተሩን ሽፋን አየ። ቅር ብሎታል፤ አልደበቀም። ከዚያ እስክሪፕቶውን ከጆሮው ላይ አወረደና አዲስ ገጽ ገለጠ።

«አንድ ጠበቃ ደንበኛ ነበረኝ» አለ። «መላጣ ሲሆን ጊዜ መምጣቱን ተወ።»

«ጢምስ የለውም?»

«ጢም እንኳ አለው።»

«እንግዲያው ደውልለት። ሲመጣ የምጠይቀው እኔ ነኝ» አለችና ቅጹን ልትሞላ ከቦርሳዋ አወጣች።