ለስስ ቀሚስ የምትሆን ሽጉጥ

«የቱን ልስጥሽ?»

ጀላሉ ይህን ሲጠይቅ እጁ ከጨርቁ ጣቃ ሥር ነበር። የሱቁ በር ወለል ብሎ ተከፍቷል። ከደጅ ሰው ይተላለፋል።

«ሦስቱንም ልያቸው» አለች የሻሽወርቅ።

«እዚህ? በጠራራ ፀሐይ?»

«ጨርቅ የምትመርጥ ሴትን ማን ያያታል፣ ጋሽ ጀላሉ?»

የአሰቡ ካምቦ ሱዳን ሰፈር የሻሽወርቅን የሚያውቃት በልብስ ሰፊነቷ ነው። አዲስ አበባ ያሉ አለቆቿ ደግሞ «መርፌ» ይሏታል። ባሏ በዛብህ ወደብ ላይ የጭነት ተቆጣጣሪ ነው። የእሱ የምስጢር ስም «መልሕቅ» ነው። ሁለቱን ባልና ሚስት አስመስሎ አሰብ ያስገባቸው የስለላ መሥሪያ ቤቱ ነበር። የጋብቻ ቀለበታቸውን እንኳ የገዛው መሥሪያ ቤቱ ነው። ከዚያ በኋላ የሆነውን ግን ማንም አላዘዘም። አብረው ሲበሉ፣ አብረው ሲታመሙ፣ አብረው ሲፈሩ ኖረው፣ አንድ ቀን ራሳቸውን ባልና ሚስት ሆነው አገኙት።

ጊዜው የዘጠና ዓመተ ምሕረት ሚያዝያ ነው። ከባድ መኪኖች በአሰብና በአዲስ አበባ መካከል ገና ይመላለሳሉ። ሰዉ ግን ድምፁን ዝቅ አድርጎ ማውራት ጀምሯል።

ትእዛዙ የደረሳት በዚያው ጠዋት ከሹፌሩ ከመርሻ አፍ ነበር።

«ልጅቷ ዛሬ ትወጣለች። ከመካከላችሁ የከዳ ሰው አለ። መሣሪያ ያዢ። ማንም እንዳያውቅ።»

«ባሌስ?»

«ማንም» አላት መርሻ፣ ፊቷን ሳያይ።

ልጅቷ ሚካል ናት። የወደቡ ስልክ ቤት ትሠራለች። በመስመሩ ያለፈውን ወሬ ለየሻሽወርቅ ስታቀብል ኖራለች፤ ቀሚስ ልለካ እያለች እየመጣች። ገና ልጅ ናት፤ ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ከተያዘች አትመለስም። የሻሽወርቅ ከጠዋት ጀምሮ በልቧ የያዘችው ይህንን ብቻ ነበር።

ጀላሉ ጣቃውን ገለጥ አደረገው። በነጩ የቮይል ጨርቅ ሥር ሦስት ሽጉጦች ተኝተዋል። ወሎዬው ነጋዴም የዚያው መሥሪያ ቤት ሰው ነው። በዛብህ ግን ይህንን አያውቅም።

መጀመሪያ የሩሲያውን ማካሮቭ አነሳች።

«ይቺ አታሳፍርም። ወላሂ፣ አሸዋ ብታበያትም ትተኩሳለች።»

«ቀሚሴን ወደ አንድ ጎን ትጎትተዋለች። ስራመድ አንካሳ እመስላለሁ። ይቺ ቀበቶ ለሚታጠቅ ሰው ናት።»

ሁለተኛዋ የስፔን ስታር ነበረች። ቀጠን ያለች ናት፤ ጥይት መቺው መዶሻዋ ግን ከኋላ ብቅ ብሏል። የሻሽወርቅ የቮይሉን ጫፍ ሳብ አደረገችበት። መዶሻው ክሩን ያዘ።

«ስመዛት ቀሚሴም አብሮ ይመጣል።»

«ሽጉጥ ነው የምትመርጪው ወይስ የቀሚስ ቁልፍ?»

«ለሰፊ ሁለቱም አንድ ናቸው።»

ሦስተኛዋ መዳፍ ላይ የምታልቅ አሮጌ ቤሬታ ነበረች። ጠርዟ ሁሉ ተዳምጦ ለስልሷል። መዶሻዋ ከውስጥ ነው፤ ጨርቅ የሚይዝ ነገር የላትም። ለአሰብ የተሠራች ትመስላለች። በዚህ ሙቀት ልብስ የሚደርብ የለም። ኮት ለብሶ የወጣ ሰው ከኮቱ ሥር ምን እንዳለ የሚያልፍ የሚያገድመው ሁሉ ያውቅበታል።

«ያቺ የጣሊያን ጊዜ ናት» አለ ጀላሉ። «በዘይት ጨርቅ ጠቅልያት፤ አለበለዚያ ላብሽና የባሕሩ ጨው ያዝጓታል። ጥይቷም ትንሽ ናት። ከሩቅ ከመጡብሽ ሩጪ።»

«ከቅርብስ?»

ጀላሉ ጢሙን አሻሸ። «ከቅርብስ… አላህ አያሳይሽ፣ እህቴ።»

በሩ ላይ ጥላ ወደቀ።

ዑበይዳ ነው። የኤርትራ ጸጥታ ሰው መሆኑን ሰፈሩ ሁሉ ያውቃል፤ እሱም አይደብቅም። ጀላሉ ቮይሉን መልሶ ጣል አደረገ።

«አሰላሙ ዓለይኩም። ሽርጥ ፈልጌ ነበር፤ የየመኑን» አለ ዑበይዳ። ጠረጴዛው ላይ ደገፍ አለ።

ክርኑን ጨርቁ ላይ አሳረፈ።

ማካሮቩ ከሥሩ ነበር።

«ኧረ ወንድሜ፣ ክርንህን!» አለች የሻሽወርቅ። «የሙሽራ ቮይል ነው። ላብ ከነካው የሙሽራዋ እናት እኔን ነው የምትገድለኝ!»

ዑበይዳ ሳቀና እጁን አነሳ። «ከሙሽራ እናትስ አላህ ይጠብቀን።» ሽርጡን ተቀብሎ ሊወጣ ሲል ዞር አለ። «ባልሽ ተሻለው? ዛሬ ከሥራ ቀረ አሉ።»

በዛብህ ጠዋት የሥራ ልብሱን ለብሶ ሲወጣ አይታዋለች። «በይ፣ ደህና ዋይ» ብሎ ጉንጯን ነክቶ ነበር የወጣው።

«ሆዱን አሞት ነው» አለች።

ቤሬታዋን በቁራጭ ጨርቅ አስጠቅልላ ቤቷ ገባችና በሩን ቀረቀረች። በውስጥ ቀሚሷ ላይ፣ ከጭኗ ከፍ ብሎ፣ ኪስ ሰፋች። የላይኛውን ስስ ቀሚስ፣ ድሪያውን፣ በጎኑ በኩል ተርትራ እጅ የሚያሳልፍ ቀዳዳ ተወችለት። ቤሬታዋን ከተተቻት። ተቀመጠች፣ ተነሳች፣ ጎንበስ ብላ የውሃ ባልዲ አነሳች። መስተዋቱ ፊት ዞረች። ምንም አይታይም።

እየደጋገመች ዑበይዳ ያላትን አሰበች። ምናልባት ተሳስቶ ይሆናል። ምናልባት ሌላ በዛብህ ይሆናል። ሰው ሲወድ ስንት ምናልባት ያገኛል!

በዛብህ ቀትር ላይ መጣ።

አሰብ በዚያ ሰዓት ትተኛለች። ከቀትር እስከ አሥር ሰዓት ሱቅ ይዘጋል፣ ቢሮ ይዘጋል፣ ውሻው እንኳ ጥላ ፈልጎ ይዘረጋል። ወንድ ሁሉ ሱሪውን አውልቆ ሽርጥ ያገለድማል። ሚካልን ማሸሽም የታሰበው በዚሁ ሰዓት ነበር። በዘጠኝ ሰዓት፣ ከከተማው መውጫ፣ ጨው ማሳው አጠገብ መርሻ ይቆምላታል። ቦታውን የሚያውቁት አራት ሰዎች ብቻ ናቸው፤ መርሻ፣ ሚካል፣ የሻሽወርቅ እና በዛብህ።

በዛብህ አልጋው ላይ ጋደም አለ። ሸሚዙን አላወለቀም። ሱሪውንም ከነቀበቶው እንደለበሰ ነው።

የሻሽወርቅ ቆማ አየችው።

«ሽርጥህን ላቀብልህ?»

«ተይው።»

«ይሞቅሃል እኮ።»

«ዛሬ አልሞቀኝም።»

ላቡ ከግንባሩ ተነስቶ በጆሮው ሥር ይወርዳል።

ገባት። የሽርጥ ቋጠሮ ከባድ ሽጉጥ አይሸከምም። አሰብ ያደገ ሰው ቢሆን ከትራሱ ሥር አድርጎት፣ ሽርጡን አገልድሞ በተኛ ነበር። በዛብህ ግን ደገኛ ነው፤ የደብረ ብርሃን ልጅ። ደገኛ መሣሪያውን ወገቡ ላይ ካልታጠቀው የያዘው አይመስለውም።

«ክር አልቆብኛል» አለች። «ሱቅ ደርሼ ልምጣ።»

«በዚህ ሰዓት የትኛው ሱቅ ተከፍቶ? ቁጭ በይ፣ የሺ።»

«በዛብህ።»

«እስከ አሥር ሰዓት ብቻ። ከዚያ ሁሉም ነገር ያልፋል።»

አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር።

«ምን አደረግህ?»

ተነስቶ ተቀመጠ። እጆቹን ጉልበቶቹ መካከል ጨመቃቸው። «መስከረም ላይ ደረሱብኝ። ሁለታችንንም ያውቁናል። ፎቶሽን አሳዩኝ፤ ሱቅሽ በር ላይ ቆመሽ ስትስቂ። ‹ወይ ሚስትህን ወይ ወሬ አቀባዩን› አሉኝ።»

«እና ሚካልን ሰጠሃቸው።»

«አንቺን አልሰጠሁም!» ድምፁ ተሰበረ። «እኔ ያልኩት እሱን ነው። አንቺን አልሰጥም ነው ያልኩት።»

«ትናንት እዚሁ ተቀምጣ ሻይ ስትጠጣ፣ ስኳር ጨምሪ ስትላት አልነበር?»

«አውቃለሁ።»

«የሰው ልጅ ናት እኮ!»

«አውቃለሁ አልኩሽ!»

የሻሽወርቅ ወደ እሱ ቀረበች። «እንውጣ። ሦስታችንም በመርሻ መኪና እንውጣ። ለአዲስ አበባ እኔ እነግርልሃለሁ።»

«ጨው ማሳው ተከቧል። ከሄድሽ አንቺንም አብረው ነው የሚይዙሽ። ከዚያ ይህ ሁሉ ለምን ነበር?»

ግድግዳው ላይ ያለው ሰዓት ይቆጥራል። ሚካል ይሄኔ ጫማዋን እያጠለቀች ይሆናል። የሻሽወርቅ ወደ በሩ ዞረች።

በዛብህ ብድግ አለ። እጁ ወደ ወገቡ ሄደ።

«የሺ፣ እባክሽ። አታስገድጂኝ።»

የራሱን ማካሮቭ ሳበ። መዶሻው የሸሚዙን ጫፍ ያዘ። ሸሚዙ አብሮ ተጎተተ።

የእሷ እጅ በጎኗ ቀዳዳ ገብቷል።

ከቅርብ ነበር።

የተኩሱ ድምፅ በር በንፋስ ሲላተም ያህል ነው። ጎረቤት አልተነሳም። በዛብህ ቀስ ብሎ መልሶ አልጋው ላይ ተቀመጠ። ደረቱን አላየም። ያየው የቀሚሷን የተቃጠለ ጎን ነበር።

«መቼ ገዛሽው?» አላት። ሚስቱ አዲስ ጫማ አድርጋ ያያት ባል ይመስል ነበር።

«ዛሬ።»

ራሱን ነቀነቀ። ትንፋሹ አጠረ። «በጓሮ ሂጂ። በፊት ለፊት ሰው አለ።»

የመጨረሻ ቃሉ ይህ ሆነ። አቅፋው ልትቀመጥ ፈልጋ ነበር። ጊዜ አልነበራትም። ዓይኖቹን ከደነች፣ ሽርጡን አልብሳው በጓሮ ወጣች።

ከዚያ ታክሲ። ከዚያ የሚካል በር።

«እትዬ የሺ! ጨው ማሳው ጋ አልነበር?»

«ተቀይሯል። ነዪ።»

መርሻ ገና ወደ ቀጠሮው አልተነሳም። ከጎሚስታው ደጅ ቆሞ የመኪናውን ጎማ ነፋስ ያስሞላል። የሻሽወርቅን ቀሚስ አየ። የተቃጠለውን ቀዳዳ አየ።

«እሱ ነበር?» አላት በዝግታ።

«እሱ ነበር።»

ሌላ አልጠየቀም። ሚካልን ከወንበሩ ኋላ ያለው የሹፌር መኝታ ላይ አስተኝቶ መጋረጃውን ሳበባት።

«አንቺም ግቢ» አለ።

«አሥር ሰዓት ሲሆን ሱቄ ካልተከፈተ ኬላ ላይ ስልክ ይደወላል። ሂዱ።»

ሚካል ከመጋረጃው ፊቷን አወጣች። «ጋሽ በዛብህንስ? ሳልሰናበተው?»

«ተኝቷል፣ የኔ ልጅ» አለች የሻሽወርቅ።

በጓሮ ተመልሳ ቤቷ ገባች። እሱ ባለበት ክፍል ቀሚሷን ቀየረች። ጀርባዋን ሰጥታው ነበር የቀየረችው፤ መጀመሪያ አሰብ በገቡበት ሰሞን፣ ገና ሲተፋፈሩ እንደምታደርገው። ከዚያ በፊት ለፊት ወጣች። ማዶ የቆመው ሰውዬ ስትወጣ አያት። ሰላም አለችው።

በአሥር ሰዓት ሱቋን ከፈተች። የሲንጀሩን ፔዳል ረገጠች። ስፌቱ ተጣሞ ሄደ፤ ተረተረችው፤ ደግማ ሰፋችው።

ዑበይዳ ብዙም ሳይቆይ መጣ። ፊቱ በፀሐይ ነዷል፣ ጫማው ላይ ጨው ነጥቷል።

«ባልሽስ?»

«ተኝቷል። ያ ሆዱ ነው።»

ማሽኑን አየ፣ እሷን አየ። ልጅቷ ብታመልጥ ኖሮ ይቺ ሴት እንዲህ አትቀመጥም ነበር። ቀጠሮው ወደ ማታ ተገፍቶ ይሆናል ብሎ ገመተ። የታመመን ሰው ቀስቅሶ ሚስቱን ማስበርገግ ደግሞ አልፈለገም።

«ይማርልሽ» አለና ወደ ጨው ማሳው ተመለሰ።

የሻሽወርቅ ፔዳሉን መርገጥ አላቆመችም። በየስፌቱ ልክ መኪናው ሲርቅ ይታያት ነበር። ፀሐይ ሳትጠልቅ ጀላሉ ሱቁን ዘግቶ መጣ። ጥቁር ልብስ አከናንቦ ወደ በይሉል መንደር በምትመለስ የዓሣ ጀልባ ላይ ከሴቶቹ መካከል አስቀመጣት። ማዕበሉ ሲነሳ ቤሬታዋን ባሕሩ ውስጥ ጣለቻት። የሻሽወርቅ የምትባል ልብስ ሰፊ ከዚያ በኋላ የትም አልታየችም።

አዲስ አበባ የገባችው ክረምቱ ሲጀምር ነው። አለቃዋ ቆሞ ተቀበላት።

«ልጅቷ በሰላም ደርሳለች። ትልቅ ሥራ ነው የሠራሽው።»

«እሱን የት ቀበሩት?»

«አናውቅም። አንድ ነገር ልንገርሽ። ጥቁር እንዳትለብሺ። ሐዘን እንዳትቀመጪ። ባል አልነበረሽም፤ ተግባባን?»

«ተግባባን።»

አንድ እሑድ በማታውቀው ሰፈር ስታልፍ የለቅሶ ድንኳን አየች። እግሯ ወሰዳት። ነጠላዋን አዘቅዝቃ ገባች፣ ከሴቶቹ ጎን ተቀመጠች። የሞተው ማን እንደሆነ አላወቀችም። ሌላው ሲያለቅስ አብራ ጀመረች፤ ሌላው ሲያበቃ ግን ማቆም አቃታት።

አንዲት ትልቅ ሴት ትከሻዋን ያዙ። «የኔ እናት፣ ለሟች ምኑ ነሽ?»

አፏን ከፈተች። የምትጠራው ስም አልነበራትም። በዛብህም መሥሪያ ቤቱ ያወጣለት ስም ነው። እናቱ ያወጣችለትን ጠይቃው አታውቅም፤ እሱም ጠይቋት አያውቅም፤ ክልክል ነበር።

«ተዪአት» አለች ሌላዋ። «ይውጣላት።»

ንፍሮ በመዳፏ ሰጧት። በላች። ጀርባዋን አሻሹላት። ከዚያ ማንም ሳያስተውላት ወጣች። ነጠላዋን አስተካክላ ለበሰችና አስፋልቱ ዳር ቆመች።

ታክሲ መጣ። ረዳቱ በመስኮት ተንጠልጥሎ ይጮኻል።

«አንድ ሰው የቀረው! አንድ ሰው! እናት፣ ስንት ናችሁ?»

«አንድ ነኝ» አለችና ገባች።